ፎገራ፦ ሩዝ ያመጣው ገንዘብ የት ይቀራል?

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ደለል ተሸክመው ይወርዱና ሜዳውን አቋርጠው ሐይቁ ይገባሉ። አፈሩ ውኃ የሚቋጥር ዋልካ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብና ወንዞቹ ከአፋቸው ሞልተው የሚያፈሱት ውኃ ለሳምንታት ሜዳው ላይ ይተኛል። ለብዙ ዘመን ገበሬውን ያደኸየው ይኸው ውኃ ነበር። በተኛ ውኃ ውስጥ ጤፍም በቆሎም ፍሬ አይሰጥም፤ ስለዚህ ክረምቱን ሜዳው ለከብት ይለቀቅና ውኃው ሲሸሽ በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። የሜዳው ቀበሌዎች የእርዳታ እህል ከሚጠብቁት ተርታ ይቆጠሩ ነበር፤ ጉልበት ያለው ጎልማሳ ደግሞ አረምና አጨዳ ሲደርስ ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ይወርድ ነበር።

እንዲህ ያለው ስደት የሚያስከፍለው ዋጋ በደመወዝ ብቻ የሚለካ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በአጎራባቹ ሊቦ ከምከምና በፎገራ የካላዛር ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ገድሏል። በሽታው ቀድሞ በደጋማው አካባቢ የማይታወቅ ነበርና፣ ከቆላው የሰሊጥና የማሽላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ የጤና ባለሙያዎች ያምናሉ። ሰው በገዛ ቀዬው ሠርቶ የሚያድርበት ገቢ ማግኘቱ የጤናም ጉዳይ እንደሆነ ፎገራ ያየው በዚህ መንገድ ነው።

ሩዝ ወደ ሜዳው የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። በአካባቢው የዱር ሩዝ በቅሎ መታየቱ ቦታው ለዚህ ሰብል እንደሚስማማ አመለከተ፤ በጊዜው ለደርግ መንግሥት ድጋፍ ይሰጡ የነበሩ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም በደራ ወረዳ ጅግና፣ በፎገራ ደግሞ ሸጋ በተባሉት የገበሬ አምራች ማኅበራት ሙከራ ጀመሩ። ማኅበራቱ ከሥርዓቱ ጋር ሲፈርሱ ዘሩ ግን በገበሬው እጅ ቀረ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግብርና ቢሮ ዘር እያከፋፈለ፣ ከዚያም በላይ ጎረቤት ከጎረቤት ዘር በዘር እየተለዋወጠ ሰብሉ ሜዳውን አዳረሰ። ለረጅም ዓመታት ማሳውን የያዘው ዝርያ ስሙ እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» ነው።

መስፋፋቱ ብዙ ጊዜ በምርት ብዛት ብቻ ሲብራራ ይሰማል። ብዛቱ እውነት ነው፤ በአገር ደረጃ የሩዝ አማካይ ምርት በሄክታር 28 ኩንታል ገደማ ሲሆን ጤፍ ከ20 ኩንታል በታች ነው። ነገር ግን ምርቱ የቱንም ያህል ቢበዛ ማንም የማይበላውን እህል ገበሬ ደጋግሞ አይዘራም። የሩዝን ዕጣ የወሰነው ማእድ ቤቱ ነው። እንደ እስያ ሰው ሩዝን ቀቅሎ መብላት ፎገራ ባለበት በደቡብ ጎንደር ልማድ አልነበረም። የሜዳው ሴቶች ግን የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅለው አቡክተው፣ ነጣ ያለና ዋጋው የቀነሰ እንጀራ አወጡ። ጠላም ጠመቁበት፣ አረቄም አወጡበት፣ ዳቦም ጋገሩበት። ጤፍ እየተወደደ በሄደ ቁጥር ቅልቅሉ ከገበሬው ቤት ወደ ከተማው ምግብ ቤት ተሻገረ። ስለ ፎገራ ለውጥ ሲጻፍ ባለሙያው፣ ፕሮጀክቱና ቢሮው ይጠቀሳሉ፤ እነዚህ ሴቶች ሳይነሡ መቅረታቸው ትልቅ ጉድለት ነው። ባዕድ የነበረውን እህል ገበያ ያለው እህል ያደረጉት እነሱ ናቸው።

የአንድ ቤተሰብ ዓመት አሁን ከሰኔ ይጀምራል። ዘሩ በአብዛኛው በብተና ይዘራል፤ ውኃው ሲሞላ ሩዙ ጭቃው ውስጥ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ከባዱ ሥራ አረም ነው። ቤተሰቡ በሙሉ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ ሁለቴና ሦስቴ ያርማል። ወንፈልና ደቦ ይረዳሉ፤ የማይበቃ ሲሆን ከደጋው ወረዳዎች የቀን ሠራተኛ ይቀጠራል። ቀድሞ ጉልበቱን ሊሸጥ ወደ ቆላ ይወርድ የነበረው ሜዳ ዛሬ በአረም ወቅት የሌላውን ጉልበት ይገዛል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው። ነዶው ተከምሮ ሲደርቅ አውድማ ላይ ተዘርግቶ በበሬ ይወቃል፤ ጭዱ ለከብት ይከመራል።

ሩዙ እንደተነሣ ማሳው አያርፍም። እርጥበቱ ሳይሸሽ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል። ለርብና ለጉማራ ቀረብ ያለው ገበሬ ደግሞ ሞተሩን ወንዝ ዳር ተክሎ ውኃ ይስብና ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። በዓመት አንዴ ብቻ ይታረስ ከነበረው መሬት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ምርት ይገኛል። ሩዙ የቤቱን ቀለብና የተወሰነ ገንዘብ ይሸፍናል፤ ሽንኩርቱ ግን ሙሉ በሙሉ ለገበያ ነው። ዋጋ ከቀና በአንድ በጋ የቆርቆሮ ቤት ያስገነባል፤ ገበያው ከሞላ ደግሞ የዘር፣ የነዳጅና የኬሚካል ዕዳ ጥሎ ይሄዳል። ሁለቱ ሰብሎች አንድ ላይ መሆናቸው የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። ሩዙ ቤቱን ካጠገበ ገበሬው በሽንኩርቱ መድፈር ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚገናኘው ወረታ ላይ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድም የሚገነጠለው ከእሷ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ጠዋት ወደ ከተማዋ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው የመፈልፈያ ድምፅ ነው። ጋሪና ባጃጅ፣ የጭነት አህያም ጭምር ጆንያ ይዘው በየመፈልፈያው በር ይሰለፋሉ። ውስጥ አቧራው እንደ ጉም ይጤሳል። ወዛደሮች አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው ጆንያ ይገለብጣሉ፤ ባለሚዛኑ ይጮኻል፤ ደላላው ከገበሬ ወደ ነጋዴ ይመላለሳል። ከመፈልፈያው ጀርባ ሴቶች ሰፌድ ይዘው ሩዙን ያበጥራሉ፣ ጠጠሩን ይለቅማሉ፣ ሙሉውን ከስባሪው ይለያሉ። ቅርፊቱ ጓሮ ተቆልሎ ተራራ ይሠራል፤ ፉርሽካው ከብት ለሚያደልቡና ወተት ለሚያልቡ ይሸጣል።

አንድ ጆንያ ሩዝ በዚህች ከተማ ሲያልፍ የስንቱን እጅ እንደሚነካ ማየት የአካባቢ ኢኮኖሚ እንዴት እንደሚያድግ ለመረዳት ይበቃል። ጋሪ ነጂው የጭነቱን፣ ወዛደሩ የተሸከመበትን፣ ባለመፈልፈያው የአገልግሎቱን፣ አበጣሪዋ የቀኗን ያገኛሉ። እነሱ ደግሞ ያገኙትን ይዘው ሩቅ አይሄዱም። ምሳ የሚበሉት እዚያው ነው፤ ልብሳቸውን የሚያሰፉት፣ ቤት የሚከራዩት፣ ልጅ የሚያስተምሩት፣ ዕቁባቸውን የሚጥሉትም እዚያው። ገበሬውም ሚስማሩን፣ ቆርቆሮውንና የሞተሩን መለዋወጫ ከወረታ ይገዛል። ያው አንድ ብር ከከተማዋ ሳይወጣ በብዙ ሰው እጅ ይሽከረከራል። ሩዙ ሳይፈለፈል በመኪና ተጭኖ ቢወጣ ኖሮ፣ ገበሬው የእህሉን ዋጋ ብቻ ይዞ ይመለስ ነበር፤ ሌላው ገቢ ሁሉ ሩቅ ላለ ከተማ ይሆን ነበር። ስለዚህ ለአንድ ወረዳ ዕድገት ወሳኙ ጥያቄ ምን ያህል አመረተ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ካመረተው ላይ የሚጨመረው ዋጋ የት ይጨመራል የሚለውም ነው።

ከዚያው ሩዝ ከአካባቢው አምልጦ የሚወጣ ገንዘብም አለ። የመጀመሪያው ማምለጫ የሽያጭ ጊዜ ነው። ሁሉም በአንድ ወር ያጭዳል፣ ሁሉም በአንድ ወር ይሸጣል። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር፣ የልጆች ወጪ፣ ሠርግና ተዝካር ሁሉ ከአዝመራው ማግስት ይመጣሉ። ስለዚህ ገበሬው እህሉ ረክሶ ሳለ ይሸጥና፣ ክረምት ላይ ተወድዶ ሳለ ይገዛል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ማከማቸት ለቻለው ሰው ትርፍ ነው። አንዳንድ ባለመፈልፈያዎች ገበሬው ሩዙን እነሱ ዘንድ አስቀምጦ ዋጋ ሲያምር እንዲሸጥ ቦታ ይሰጣሉ፤ በዚህም ደንበኛ ያፈራሉ። ይህ በመተማመን ላይ የቆመ አሠራር ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን እህሉ የተቀመጠለት ገበሬ በዚያ እህል ባንክ ሄዶ ሊበደርበት አይችልም።

በሕግ በኩል መንገዱ ተከፍቷል። በ1990ዎቹ የወጣው የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ በመጋዘን ያለ እህል በወረቀት እንዲወከል ፈቅዷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ሰብልና ከብት ለብድር መያዣ እንዲሆኑ አድርጓል። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲቀበል ቆይቷል፤ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን መስፈሩ በብዙ ቤት የሴቲቱን ድምፅ አበርትቷል። በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ከዚህ አልፎ የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደርን ፈቀደ።

ሕጉ ወደ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው ግን በአበዳሪው አሠራር በኩል ነው። በገጠሩ ለረጅም ጊዜ ትልቁ አበዳሪ በኋላ ወደ ፀደይ ባንክነት የተለወጠው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ በአጭሩ «አብቁተ» የሚለው፣ ነበር። ጎረቤቶች በቡድን እርስ በርስ ዋስ ሆነው የሚበደሩበት ዘዴ መያዣ ለሌለው ሰው የገንዘብ በር ከፍቷል። ዘዴው የሚጎድለው በመክፈያው ጊዜ ላይ ነው። ብድር አዝመራ ሲገባ ይመለስ ከተባለ፣ ተበዳሪው እህሉን ርካሽ ሳለ እንዲሸጥ ተገደደ ማለት ነው። መክፈያውን በአራትና በአምስት ወር ማራዘም ወለዱን ከመቀነስ ይልቅ ለገበሬው የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ይህ አዲስ ፋብሪካ ወይም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ የብድሩን ውል ከሰብሉ ዑደት ጋር ማስማማት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሳይደረግ የሚውልበት በቂ ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ማምለጫ መፈልፈያው ውስጥ ነው። ከመቶ ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ቅርፊት፣ 10 ኪሎ ያህሉ ፉርሽካ ነው፤ ደህና መፈልፈያ ከቀረው ከ65 እስከ 70 ኪሎ ነጭ ሩዝ ያወጣል። በወረታ የበዙት ማሽኖች ግን ቅርፊቱንም ፉርሽካውንም በአንድ ጊዜ የሚገፉ አነስተኛ መፈልፈያዎች ናቸው። እህሉ በብረት ተፋትጎ ስለሚያልፍ ብዙው ይሰበራል፤ ፉርሽካውም ከቅርፊት ጋር ተቀላቅሎ የመኖነቱ ዋጋ ይቀንሳል። ደረጃ በደረጃ የሚሠሩት ማሽኖች ቅርፊቱን በጎማ ጥቅል ለይተው፣ ቀጥሎ ነጩን ያጠራሉ፣ በመጨረሻም ሙሉውን ከስባሪው ያጣራሉ።

ጉዳቱ ከማሽኑ በፊትም ይጀምራል። ሩዝ ለመፈልፈል የሚመቸው እርጥበቱ 14 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። ማሳ ላይ ቆይቶ ከመጠን በላይ የደረቀ ፍሬ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ በበሬ የተወቃው ደግሞ አፈርና ጠጠር ይዞ ይመጣል። ሩዙን ከነቅርፊቱ በእንፋሎት አብስሎ አድርቆ መፈልፈል ስባሪውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በምዕራብ አፍሪካ ሴቶች ለዘመናት የኖሩበት ሙያ ነው። በፎገራ ገና ሥር አልያዘም።

የሩዙ ጥራት ገንዘብ የሚሆነው ከውጭ የሚገባው ሩዝ ጎን ሲቆም ነው። ኢትዮጵያ ከውጭ የምትገዛው ሩዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ22 ሺህ ቶን ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ300 ሺህ ቶን በላይ ደረሰ። አብዛኛው ከሕንድና ከፓኪስታን በጅቡቲ በኩል ይገባል። ሩዝ የሚሊኒየሙ ሰብል ተብሎ በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የልማት ስትራቴጂ ወጥቶለት ሳለ፣ የከተሜው ፍላጎት ከአገር ውስጡ ምርት ቀድሞ ሮጠ። የአዲስ አበባና የጅግጅጋ ሸማች ቀቅሎ የሚበላውን ሙሉ፣ ንጹሕና ወጥ ሩዝ ይፈልጋል፤ ያንን የሚያገኘው ከውጭ በመጣው ጆንያ ውስጥ ነው። የፎገራው ሩዝ የሚሄደው ለእንጀራ ዱቄት ወደሚፈልገው ገበያ ነው። ያ ገበያ አስተማማኝ ነው፤ ሆኖም ዋጋው በጤፍ ጥላ ሥር ይኖራል።

ስለዚህ ለሜዳው ቀጣዩ ገንዘብ በመፈልፈያና በማከማቻ ላይ ቢፈስ፣ አዲስ ማሳ ከማስፋት የበለጠ ፍሬ ይሰጣል። የተሻለ ማሽን ለአንድ ባለመፈልፈያ ብቻውን ይከብዳል። በእጁ የሚበቃ መያዣ የለውም፤ ማሽኑ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ መብራት በየጊዜው ይቋረጣል፤ መለዋወጫ ቅርብ አይገኝም። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ማሽኑን ራሱን መያዣ አድርጎ በኪራይ የሚያቀርብበት የሊዝ ፋይናንስ ለእንዲህ ያለ ሰው የታሰበ ነው። መለስተኛ ባለሀብቶች በአንድ ማከማቻና በአንድ ማጣሪያ ዙሪያ ተባብረው ቢገቡበት፣ ትንንሾቹ መፈልፈያዎች ሳይዘጉ የመጀመሪያውን ደረጃ ሊሠሩላቸው ይችላሉ። ይህ ነጥብ ክብደት አለው። አንድ ግዙፍ ፋብሪካ ተተክሎ ትንንሾቹን ቢያጠፋ ሩዙ ይጠራ ይሆናል፤ ጋሪ ነጂው፣ ወዛደሩና አበጣሪዋ ግን ከገበታው ይነሣሉ።

መንገድና ሰላም ከዚህ ሁሉ በፊት ይቆማሉ። ሩዝ መንገድ ቢዘጋ ጎተራ ውስጥ ይጠብቃል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም አይጠብቁም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጉዳቱ ቀድሞ የሚያርፈው በጋውን ሙሉ ነዳጅ ገዝቶ ባጠጣው ገበሬ ላይ ነው።

ውኃው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ገንፍለው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ በበጋ ደግሞ የወንዙ ውኃ ለሞተሮቹ ሁሉ አይበቃም፣ ከታች ያለው ገበሬ ከላይ ካለው ጋር ይጣላል። በርብ ላይ የተሠራው ግድብ ጎርፉን ለመግታትና 20 ሺህ ሄክታር ገደማ በመስኖ ለማልማት ታስቦ የተነሣ ነው። ነገር ግን ግድብ ብቻውን ማሳ አያጠጣም። ቦዩ እስከ ማሳው ሲደርስና ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል የተጠቃሚዎች ማኅበር ሲቋቋም፣ የቦዩን ደለል ማን እንደሚጠርግም ሲታወቅ ነው ውኃው ገቢ የሚሆነው። የአበሻ ገበሬ ባህላዊ መስኖውን በውኃ አባት መሪነት ሲያስተዳድር ኖሯል፤ አዲሱ ማኅበር በዚያ ልምድ ላይ ቢቆም ይጸናል።

ሩዙ ከሰጠው ጋር የወሰደውም አለ። ቀድሞ ሜዳው የፎገራ ከብት አገር ነበር፤ ዝርያው በወተቱና እርጥብ መሬት በመቻሉ የታወቀ ነው። ግጦሹ ማሳ ሲሆን መንጋው አነሰ፣ ዝርያውም ከሌላ ጋር ተዳቀለ። ዛሬ ላሟ የምትኖረው በሩዝ ጭድና በፉርሽካ ነው። የሩዝ ጭድ ብቻውን ደካማ መኖ ነው፤ ከጓያ ገለባና ከንጹሕ ፉርሽካ ጋር ሲቀላቀል ግን ወተት ይሰጣል። የመፈልፈያው መሻሻል ሳይታሰብ ወደ ላሟ የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። የሸሸርና የወላላ ረግረጎችም ዳር ዳራቸው እየታረሰ፣ ውኃቸው በሞተር እየተሳበ ጠበዋል። እነዚህ ረግረጎች ደለሉን አጣርተው ውኃውን ወደ ጣና የሚያሳልፉ፣ የዓሣ መራቢያና የወፎች መጠጊያ ናቸው። በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተንሰራፋው የእምቦጭ አረም ከማሳ ታጥቦ በሚገባ ማዳበሪያና ደለል እንደሚፋፋም ይታወቃል። እስከ ረግረጎቹ ድረስ ማረስ አንድ ዓመት ሩዝ ይሰጣል፤ የዓሣ አጥማጁን ቤተሰብ ግን ከገቢው ያፈናቅላል።

ማሳውን ማስፋት እዚህ ላይ ከቆመ፣ የሚቀረው ያንኑ ማሳ ማበርታት ነው። ኤክስ ጅግና ለብዙ ዓመት ዘሩ ሳይታደስ ስለተዘራ ተደባልቋል፣ ለበሽታም ተጋልጧል። በፎገራ የተቋቋመው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ጭምር አዳዲስ ዝርያዎችንና አዘራሮችን ሲፈትሽ ቆይቷል፤ ከወጡት ዝርያዎች አንዱ በዚያው በቀድሞው ማኅበር ስም «ሸጋ» ተብሏል። ገበሬው ከአዲስ ዝርያ የሚጠብቀው ብዙ ምርት ብቻ አይደለም። ጭዱ ለከብት የሚሆን፣ ፍሬው በመፈልፈያ የማይሰበር፣ ዱቄቱ ለእንጀራ የሚነጣ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ሩዙ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ከተሰበሰበ ቀጥሎ የሚዘራው ሽምብራ እርጥበቱ ሳያልቅ ይይዛል፤ የሽንኩርቱም ችግኝ ወንዙ ሳይቀንስ ማሳ ይገባል።